ከማን ሰማሽ?

የወልቂጤ ሰው ምስጋና ፈቃዱ ምን እንደምትሠራ ጠንቅቆ ያውቃል። ችግሩ ሁሉም የሚያውቀው የተለያየ ነገር መሆኑ ነው።

አባቷ አቶ ፈቃዱ በርና መስኮት የሚበይዱበት ብረታ ብረት ቤት አላቸው። ደንበኛ መጥቶ ከጓሮ ያለችውን ክፍል በአገጩ እያመለከተ፣ «ልጅቷ ከዚያ የማትወጣው ምን እየሠራች ነው?» ሲላቸው የብየዳ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ «በኮምፒውተር የሰው ዘር ትቆጥራለች» ይላሉ። እናቷ ወይዘሮ እቴነሽ ደግሞ ለጸሎት ጓደኞቻቸው «ለፈረንጅ ታነባለች» ብለው ነው የሚያስረዱት። አንዷ ሴትዮ «ፈረንጁ ራሱ ማንበብ አይችልም እንዴ?» ብላ የጠየቀቻቸው ቀን መልስ ስላጡ ተቀይመው ነው ወደ ቤት የገቡት።

ከሁለቱ የአባትዮው አባባል የባሰ ጣጣ አመጣ። ዘር ትቆጥራለች ከተባለች ሴት ደጅ ሰው አይጠፋም። አንዲት እናት እልኸኛ ልጇን በክንዱ እየጎተተች መጥታ፣ «ይሄ ጸባይ በማን በኩል እንደመጣ ንገሪኝና ባሌን ላሳፍረው» ብላታለች። ፀጉሩ የሳሳበት አንድ የእህል ነጋዴ ኮፍያውን አውልቆ ጎንበስ ካለላት በኋላ፣ የእናቱ ወንድሞች ጥፋተኛ መሆናቸውን በጽሑፍ እንድትሰጠው ለምኗል። ሆዱን የሚያመውም ይመጣል። እሱን አታት ሆስፒታል ሂድ ብላ ስትሸኘው «ተምራለች፣ ግን ትኮራለች» እያለ ይሄዳል።

እውነተኛው ሥራዋ እንዲህ ነው። ከእናት ከአባታችን የምንወርሰውና ሰውነታችን እንዴት እንደሚሠራ የሚያዘው መመሪያ ጂን ይባላል፤ ብዛቱ ለጉድ ነው፤ እያንዳንዱ የየራሱ ሥራ አለው። የዓለም ተመራማሪዎች ይህ ጂን ኩላሊት ላይ ምን ይሠራል፣ ያኛው ሲበላሽ ልብን ምን ያደርጋል እያሉ ሌት ተቀን ይጽፋሉ። የተጻፈውን ሁሉ አንብቦ የሚጨርስ ሰው አልተወለደም። ስለዚህ ባሕር ማዶ ያለ አንድ ድርጅት አንባቢዎች ቀጥሮ ፍሬ ነገሩን በአንድ ቦታ ያሰባስባል፤ የበሽታ መነሻ የሚፈልግ ተመራማሪ ከዚያ ይፈልጋል። ምስጋና ከአንባቢዎቹ አንዷ ናት። ባዮሎጂ ተምራ፣ ሁለተኛ ደረጃ አስተምራ፣ በኢንተርኔት የተሰጠውን ሥልጠና አልፋ ነው የተቀጠረችው። ጥናቱን ታነብና «ይህ ጂን ይህን ይሠራል» ብላ ትመዘግባለች። ከዚያ ደግሞ «ይህ በምን ታወቀ?» የሚለውን ትሞላለች፤ የሥራው ጣሙም ምሬቱም እሱ ጋ ነው። በሙከራ ታየ? አይጥ ላይ ታይቶ ለሰው ተገመተ? ወይስ ጸሐፊው ከሌላ ሰምቶ ነው? ምንም ካልተገኘም «ማስረጃ አልተገኘም» የሚል የራሱ ምልክት አለው። እሱና «አይደለም» የሚለው ለየቅል ናቸው፤ ሁለቱን ያምታታ አንባቢ ከአለቃው ዘንድ መዓት ይወርድበታል።

አባቷ መበየጃቸውን ሲያስነሱ የእሷ ዋይፋይ ይጠፋል። በአንድ ጋራዥ በር ምክንያት የዓለም የኩላሊት ጥናት ግማሽ ቀን የቆመበት ጊዜ አለ።

ትልቁ ድሏ የዓሣው ጉዳይ ነው። አንድ ጂን ኩላሊትን ይጠብቃል የሚል ነገር በየጥናቱ ተጽፎ ታገኛለች። ይኼኛው ያንን ይጠቅሳል፣ ያኛው ሌላውን ይጠቅሳል፤ ማንም ግን አየሁ አይልም። ወደ ኋላ እየተከተለች ብትሄድ ብትሄድ መጨረሻ ላይ አንድ ያረጀ ጥናት ጋ ደረሰች። ሰውየው ያጠናው ዓሣ ነው፤ ስለ ኩላሊት ያለው «ሳይሆን አይቀርም» ብቻ ነው። ያ «ሳይሆን አይቀርም» ከአፍ አፍ ሲቀባበል «ነው» ሆኖ አድጎ፣ ጢም አውጥቶ ይኖራል። ምስጋና በደስታ ሮጣ ወጥታ ለአባቷ ነገረቻቸው። አቶ ፈቃዱ የብረት መቁረጫውን አጥፍተው እስከ መጨረሻው በጥሞና ካዳመጡ በኋላ፣ «ታዲያ ዓሣው ምን ሆነ?» አሏት።

ይህ አመል ከሥራ ክፍሏ ወጥቶ ቤቱን ሁሉ ወረሰው። እናቷ ከገበያ ተመልሰው «ዘይት ሊጨምር ነው አሉ» ሲሉ «ከማን ሰማሽ?» ትላለች። ጎረቤት «እከሌ መኪና ገዛ» ሲል «አየኸው ወይስ ሰማህ?» ትላለች። ወይዘሮ እቴነሽ አንድ ቀን ጎመን እየከተፉ፣ «በዚህ ቤት ሰላምታ ለመስጠትም ምስክር ልቁጠር?» ብለዋታል። የሰፈሩ ሴቶች ስትመጣ ሲያዩ ወሬያቸውን ይውጣሉ። የቅጽል ስሟም ወሬ ገዳይ ነው። ባትናገረውም በልቧ ትኮራበት ነበር፤ ኩራቷ ደግሞ መልክ ነበረው፤ እኔ እንደ እናንተ አይደለሁም የሚል መልክ።

ሠላሳ ከሞላት በኋላ እናቷ ስለ ትዳር መናገር ትተው በረጅሙ ወደ መተንፈስ ተሸጋግረው ነበር። እሷ ግን ቡታጅራ ውስጥ ሰው ነበራት። ቃለአብ ይባላል፤ የሒሳብ መምህር ነው፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሲስቅ ትከሻው ብቻ የሚንቀጠቀጥ። የተዋወቁት ጓደኛዋ ሰርግ ላይ ነው። ስለ ሥራዋ ጠይቋት ስትጨርስ የሰው ሁሉ ልማድ የሆነውን «እና ዘር ትቆጥሪያለሽ?» አላላትም። «ማስረጃው እርስ በርሱ ሲጋጭ ምን ታደርጊያለሽ?» ነበር ያላት። ምስጋና ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳትም።

ከዚያ በኋላ ጨርቅ የመግዛት ሱስ ያዛት። በየሁለት ሳምንቱ ሚኒባስ ተሳፍራ ቡታጅራ ትወርዳለች። ከከድጄ ጨርቅ ቤት ጎን ጁስ ቤት አለ፤ ቃለአብ እዚያ ይጠብቃታል። እትዬ ከድጄ የምስጋና እናት እኩያ፣ የቡታጅራን ግማሽ ያለበሱ፣ የተቀረውን ግማሽ ደግሞ በስም የሚያውቁ ነጋዴ ናቸው። ምስጋናን እንደ ልጃቸው ይወዷታል። አንድ ቀን ሁለቱን አቮካዶ ጁስ ሲጠጡ አይተው «ይሄ ማነው?» ብለዋት፣ እሷም አንድ ነገር ብላ አልፋለች። በዚያ አገር ሴት ልጅ ከወንድ ጋር ስትታይ የምትለው ነገር ይታወቃል።

ጊዜው ሲደርስ የቃለአብ ወገን ሽማግሌ ላከ። በአጎቱ በአቶ አማኑኤል የሚመሩ ሦስት ሰዎች ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ወልቂጤ መጡ። በሴቷ ወገን የተሰየሙት የአቶ ፈቃዱ አጎት አባባ ሀብተወልድ ናቸው። አባባ ሀብተወልድ ጉንችሬ፣ እንሰታቸው መካከል የሚኖሩ፣ ሌላው ሰው ዜና በሚሰማበት ሰዓት ዘር የሚቆጥሩ ሽማግሌ ናቸው። የማንም ሰው አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት አፋቸው ላይ ነው። እሳቸው ሳይቆጥሩ የተፈጸመ ጋብቻ በዚያ ቤተሰብ የለም። የቤተ ክርስቲያኑ ፓስተር እንዲህ ያለው ቆጠራ መጽሐፍ ውስጥ የለም እያሉ ያስተምራሉ፤ ራሳቸው ሲያገቡ ግን አስቆጥረው ነው ያገቡት።

ነገሩ ለወጉ ያህል ነበር። ሰላምታው አለቀ፣ ጸሎቱ ተደረገ፣ ጥያቄው ቀረበ፣ ክትፎው ጓዳ ውስጥ በጣባ ተደርድሮ ይጠብቃል። ከዚያ ሁለቱ ወገን አባት በአባት፣ በእናትም በአባትም በኩል እስከ ሰባት ቤት መቁጠር ጀመሩ። አቶ አማኑኤል ስድስተኛው ላይ ደርሰው «ዘበርጋ» ሲሉ አባባ ሀብተወልድ በከዘራቸው ወለሉን መታ አደረጉ።

«እዚህ ላይ እንቁም» አሉ።

«ምነው፣ ደህና?» አሉ አቶ አማኑኤል።

«ደህና አይደለም። በእቴነሽ በኩልም ስድስተኛው ቤት ዘበርጋ ነው። ይህን ነገር አስቀድሜ ሰምቼ፣ ቆጥሬ፣ አጣርቼ ነው የመጣሁት። ልጆቹ ሥጋ ናቸው። ራሳቸውም ያውቁታል ይባላል።»

ሽማግሌዎቹ ተመካክረው ነገሩ ይጣራ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ እንገናኝ ተባባሉ። ክትፎው እንደ ለቅሶ ቤት ንፍሮ በዝምታ ተበላ።

ምስጋና ጓዳ በር ጀርባ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። ክፍሏ ገብታ አለቀሰች። ሰው ናት፤ ትወደዋለች፤ ሌላ ሰው የማይመጣ መሆኑ ሳይሆን ሌላ ሰው የማትፈልግ መሆኗ ነው ያስለቀሳት። ለቅሶዋ መሐል ላይ ግን አንድ ቃል ኮረኮራት። «ሰምቼ» ነው ያሉት። አፍንጫዋን ጠረገች። ከማን?

በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ወሬው ቀድሟት ደርሷል። ሁሉም ያዝንላታል፣ ሁሉም ያውቃል። ፓስተሩ «አዎ፣ ዝምድናውን እኔም ሰምቻለሁ» አሏት። ጎረቤቷ «ይሄማ የታወቀ ነው» አለቻት። አቶ ፈቃዱ ብረታቸውን ትተው «ልጄ፣ ሰው ሁሉ እንዲህ ካለ ምን እናደርጋለን?» ብለው ተከዙ። ምስጋና እያንዳንዱን «ከማን ሰማህ? ከማን ሰማሽ?» ብላ ጠየቀች። መልሱ አንድ ነው፤ ከአባባ ሀብተወልድ፣ ወይም ከእሳቸው ከሰማ ሰው።

ሰኞ ዕለት ከአለቃዋ ፈቃድ ጠየቀች። ምክንያቱን ሲሏት «የምንጭ ማጣራት» ብላ ጻፈች፤ ወዲያው ተፈቀደላት። ጉንችሬ ስትደርስ አባባ ሀብተወልድ እንሰታቸውን ሲኮተኩቱ ነበር።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። መጀመሪያ ከማን ነው የሰሙት?»

«ምን ከማን እሰማለሁ! አገር ያወቀው ነገር ነው። ፓስተራችሁ እንኳ ሰምቻለሁ ብለውኛል።»

«ፓስተሩ ከእርስዎ ነው የሰሙት።»

አባባ ሀብተወልድ ቀና ብለው አዩዋት። ከዚያ በፊት ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቋቸው አያውቅም። ቅር ቢላቸውም ውሸት አያውቁምና አስበው መለሱ። «ማርታ ናት። ልብስ ሰፊዋ። ለሽምግልናው ብዬ ኮቴን ላስጠብብ ብሄድ፣ እየለካችኝ ነገረችኝ። እኔ ግን በሴት አፍ አልተማመንኩም። ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። ዘበርጋን አገኘሁት!»

ማርታ ወልቂጤ መናኸሪያ አጠገብ የመዘምራን ልብስ የምትሰፋ፣ አፏ መርፌ ካልያዘ የማያርፍ ሴት ናት። ምስጋናን ስታይ ደነገጠች። «እኔ ምን አልኩ? ሽማግሌው ለማን ነው ብዬ ጠየቅሁ። ለቃለአብ ሲሉኝ፣ እንዴ፣ እሱ የጉንችሬ ዘመዷ አይደል እንዴ አልኩ። ጀማሉ ነው የነገረኝ።»

ጀማሉ የሚኒባስ ሹፌር ነው። ምስጋና ጋቢና ተቀምጣ ጠየቀችው።

«ወላሂ፣ እህቴ፣ በኔ አትቀየሚ» አለ ማርሽ እየቀየረ። «እኔማ እውነቱን ልንገርሽ፣ ሌላ ነገር ነበር የጠረጠርኩት። ጁስ ቤት አይቻችሁ፣ እነዚህ ልጆች ተያይዘዋል ብዬ ለእትዬ ከድጄ ብላት፣ ቆጣችኝ። በእናቷ በኩል ዘመዷ ነው፣ የሰው ልጅ ስም አታጥፋ አለችኝ። አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ በዘመድነታችሁ ነው የማውቃችሁ።»

«ጉንችሬንስ ከየት አመጣኸው?»

«እናትሽ ከዚያ አይደሉ? በእናቷ በኩል ካለች… ያው ነዋ።»

ምስጋና መስኮቱን ከፍታ ነፋስ ተቀበለች። ዓሣው እዚህ አገር መጥቷል፤ አንዱ «በእናቷ በኩል» ጨምሮለት፣ አንዱ «ጉንችሬ» ጨምሮለት፣ አባባ ሀብተወልድ ስድስት ቤት ሠርተውለት፣ ትዳሯን ሊበላ ነው። ንዴቷ እስከ ቡታጅራ ድረስ እያደገ ሄደ። ወሬኞች፣ አለች በልቧ። አንድ ሰው እንኳ ከማን ሰማሁ ብሎ አይጠይቅም? ከድጄን የምትላቸውን በቃል አጥንታ ጨረሰች። ስለ ምንጭ፣ ስለ ኃላፊነት፣ ያላዩትን ስላለመናገር፤ አጭር ትምህርት ነበር ማለት ይቻላል።

እትዬ ከድጄ ጣቃ እየጠቀለሉ አገኘቻቸው። ወሬው እዚያም ደርሷል፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«አሰላሙ አለይኩም፣ እትዬ ከድጄ» አለች ምስጋና፣ ትምህርቷን ለመጀመር ቆማ።

«ወአለይኩም ሰላም፣ የኔ ልጅ። ሰምቻለሁ። አላህ የተሻለውን ይስጥሽ። ግን ምነው፣ ዘመድሽ መሆኑን እያወቅሽ?»

«ዘመዴ መሆኑን እርስዎ ከማን ሰሙ?»

ከድጄ ጣቃውን አስቀመጡ። የጠየቀችውን ጥያቄ እንዳልሰሙ ሁሉ ትክ ብለው አዩዋት።

«ካንቺ ነዋ» አሉ።

ምስጋና ዱላ እንደመታው ሰው ቆመች።

«እዚያ ጁስ ቤት ቁጭ ብላችሁ። ይሄ ማነው ስልሽ፣ ዘመዴ ነው አላልሽኝም? በዚህ ጆሮዬ! ያ ጀማሉ የማይሆን ነገር ሲያወራብሽ ታዲያ ዝም ልበል? በእናቷ በኩል ነው አልኩት፣ እንዲያምነኝ ብዬ። በእናት በኩል ሲባል ሰው ያምናል።»

የተዘጋጀው ትምህርት በሙሉ ከምስጋና ራስ በኖ ጠፋ። በሰው ሁሉ ደጅ እየቆመች ከማን ሰማሽ ስትል የከረመችው ሴት፣ ተከትላ ተከትላ የደረሰችው ራሷ ጋ ነው። ከድጄ ያሉትን ያሉት ደግሞ ስሟን ሊጠብቁላት ነው። ጀማሉ ያመነው ስለ ስሟ አፍሮ ነው። አባባ ሀብተወልድ የደከሙት ከኃጢአት ሊያድኗት ነው። በዚህ ሁሉ መሐል ያልሆነውን ሆነ ብሎ የተናገረ አንድ ሰው ቢኖር እሷው ናት። ጣቃ ላይ ተቀምጣ ሳቋ መጣ፤ ሳቁ መሐል ላይ ደግሞ ለቅሶ ሆነ። ከድጄ ውሃ አመጡላት።

ከዚያ ጁስ ቤት ገብታ ለቃለአብ ነገረችው። ይቆጣኛል ብላ ነበር። እሱ ግን ብርጭቆውን እያሽከረከረ ቆይቶ፣ «አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ግን እንዳትጮሂ» አለ።

«ምን?»

«እኔም ለአከራዬ እንደዚያ ነው ያልኳቸው። ዘመዴ ናት።»

ምስጋና ግንባሯን ያዘች። «ቃልዬ፣ ምን እንዳደረግህ ታውቃለህ? እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ ሁለት ምንጮች ሆኑ። እንዲህ ያለው ማስረጃ እኮ ጠንካራ የሚባለው ነው።»

የቃለአብ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ቆይቶ ግን ሳቁን ተወና፣ «ቅዳሜ ምን ልትያቸው ነው?» አላት። «ያየሁትን» አለች። ይህ ግን በአባቷ ፊት ከወንድ ጋር ስትዞር እንደኖረች መናገርና እናቷን በጸሎት ጓደኞቻቸው ፊት ማዋረድ ማለት መሆኑን ታውቃለች።

ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። ሴት ልጅ በራሷ ሽምግልና ላይ ገብታ አትናገርም፤ ምስጋና ግን አባቷን አስፈቅዳ ገባች። አቶ ፈቃዱ የፈቀዱት ምን ልትል እንደሆነ ስላላወቁ ነው። እጇን አጣምራ ቆማ፣ ከአባባ ሀብተወልድ ወደ ማርታ፣ ከማርታ ወደ ጀማሉ፣ ከጀማሉ ወደ ከድጄ እየዘረዘረች ሄደች። ከድጄ ጋ ስትደርስ ድምፅዋ ቀጠነ።

«እትዬ ከድጄ ደግሞ የሰሙት ከእኔ ነው። እኔ ነኝ ዘመዴ ነው ያልኩት። ስላፈርኩ ዋሸሁ። ሌላ ማንም አልዋሸም።»

አቶ ፈቃዱ ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። ከጓዳ የወይዘሮ እቴነሽ «ኢየሱስ» የሚል ድምፅ ተሰማ።

አባባ ሀብተወልድ ከዘራቸውን አስተካከሉ። «መልካም። ወሬው ከአንቺ ወጣ፤ ዋሸሽ። የእኔ ቆጠራ ግን ከአንቺ አልወጣም። ዘበርጋ በሁለቱም ወገን አለ።»

«አባባ፣ ዘበርጋን ያገኙት ወሬውን ከመስማትዎ በፊት ነው ወይስ ከሰሙ በኋላ?»

ሽማግሌው አሰቡ። «በኋላ ነው» አሉ። «ሲሉኝ ጊዜ ፈለግሁ። ስፈልግ አገኘሁ።»

«የእኛ ዘበርጋ የማን ልጅ ነው?»

ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ስም ግን አልወጣም። አቶ አማኑኤልም ሲጠየቁ ከዘበርጋ በላይ አናውቅም አሉ። «ጉራጌ ውስጥ ዘበርጋ የሌለበት ቤት ካለ አሳዩኝ» ብለውም ጨመሩ። የወንዱ ወገን ሽማግሌዎች ፊታቸው ፈካ፤ ነገሩ ያለቀ መሰለ። ወይዘሮ እቴነሽ ጣባውን ማቅረብ ይሻል እንደሆነ በበሩ ስንጥቅ ብቅ ብለው አዩ።

አባባ ሀብተወልድ ግን አልጨረሱም። «እሺ» አሉ፣ ወደ ምስጋና ዞረው። «አንቺ የተማርሽው ዘር ነው ይሉናል። እንግዲያውስ አንቺ ንገሪን። እነዚህ ሁለት ዘበርጋዎች አንድ ሰው ናቸው ወይስ ሁለት? ሁለት ናቸው ካልሽ እኔም እጄን አነሳለሁ፣ እንመርቃለን።»

ቤቱ ውስጥ ያለ ዓይን ሁሉ እሷ ላይ ሆነ። አባቷ መዳፋቸውን ከፊታቸው አንስተው በዓይናቸው ለመኑዋት። አቶ አማኑኤል ሁለት ጣታቸውን በጋቢያቸው ስር አሳዩዋት። አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ሁለት» ብላ መውጣት ነው። ያን ቀን ጁስ ቤት የተቀመጠው ሰው ትዝ አላት፤ ብርጭቆ ሲያሽከረክር፣ ሲስቅ፣ ምን ልትያቸው ነው ሲላት። ቃሉ ምላሷ ላይ መጣ። ግን ይህን ሁሉ ያመጣው እንደዚሁ አንድ ቀላል ቃል ነበር።

«አላውቅም፣ አባባ» አለች። እንባዋ ወረደ። «አንድ ናቸው የሚል ማስረጃ አልተገኘም። ሁለት ናቸው የሚልም አልተገኘም። እኔ አላውቅም።»

ከጓዳ ጣባ ወድቆ ሲሰበር ተሰማ። አቶ አማኑኤል ጣታቸውን ወደ ጋቢያቸው መለሱ።

አባባ ሀብተወልድ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ዘር ጠይቋቸው ያልመለሱበት ቀን የለም፤ ሲጎድልባቸውም ቀጠል አድርገው አልፈዋል፤ ይህንን ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የተሰበረውን ጣባ የሚጠርግ መጥረጊያ ድምፅ እስኪያልቅ ጠበቁ።

«ጋብቻን የሚያግድ ሰው አባት በአባት ቆጥሮ ማስረዳት አለበት» አሉ በመጨረሻ። «ወጋችን ይኸው ነው። እኔ ደግሞ…» ቃሉ አስቸገራቸው። «እኔ ደግሞ ከአምስተኛው ቤት በላይ አላውቅም።»

አቶ ፈቃዱ አጎታቸውን ከዚህ በፊት አይተዋቸው እንደማያውቁ ሁሉ አዩዋቸው።

«ምን ታዩኛላችሁ?» አሉ አባባ ሀብተወልድ። «ይህቺ ልጅ ለራሷ ሰርግ ስትል እንኳ የማታውቀውን አውቃለሁ አላለችም። እኔ በስተርጅና ከእሷ ላንስ ነው? በሉ ተነሱ፣ እንመርቅ።»

ምርቃቱ ረዘመ፤ ክትፎው ግን በቀሩት ጣባዎች ተዳርሶ ዛሬ በወሬ ተበላ። አባባ ሀብተወልድ ሲወጡ ምስጋናን ወደ ጎን ሳብ አድርገው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ያ አላውቅም የሚለው ነገር እሷ ሥራ ላይ ደመወዝ ያስቀንስ እንደሆነ ጠየቋት። እንደውም የሚከፈልበት ነው አለቻቸው። እስከ ጉንችሬ ድረስ ነገሩ እያስገረማቸው ሄዱ።

ከሰርጉ በኋላ ምስጋና ቡታጅራ ገባች። ሥራዋን የምትሠራው ከከድጄ ጨርቅ ቤት ፎቅ ላይ በተከራዩት ክፍል ነው፤ እዚያ መበየጃ የለም። የመጀመሪያው ቀን ከቃለአብ ጋር ዕቃ ተሸክመው ሲገቡ እትዬ ከድጄ ሱቃቸው በር ላይ ወንበራቸውን አውጥተው ተቀምጠዋል። ሰርጉ ላይ ነበሩ፤ የሙሽራዋን ልብስ ጨርቅም የመረጡት እሳቸው ናቸው። ቢሆንም ቃለአብን ከእግር እስከ ራሱ አዩትና፣ «ይሄ ማነው?» አሏት።

«ባሌ ነው፣ እትዬ ከድጄ» አለች ምስጋና።

ከድጄ መነጽራቸውን አወለቁ፣ በሻርፓቸው ጫፍ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት።

«ከማን ሰማሽ?» አሉ።